ትርፍ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መስጠትና መቀበል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ አልረጋ አለ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ንዝረቱ አዲስ አበባ ደርሶ ኮንዶሚኒየም ያለውን ሰው ሌሊት ከአልጋው አስነሳው። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ። የእኔ ስልክ ሥራ የበዛበት ያኔ ነው። ውጭ የሚኖሩት “የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት አሮጌ ሲስሞሜትር ተከምሯል፣ ሊጥሉት ነው፣ ልላከው?” ይላሉ። አገር ቤት ያሉት ደግሞ “የት ይገኛል?” ነው ጥያቄያቸው። ብዙ ዓመት የእነዚህ ዕቃዎች ቴክኒሻን ሆኜ ስለሠራሁ መልስ አላጣም። በስልክ መደጋገሙ ግን አድካሚ ሆነ፤ እዚሁ ጻፍኩት።

ደህና መሣሪያ እንዴት ትርፍ ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም። ፕሮጀክቱ ያልቃል። ወይም ፕሮፌሰሩ ጡረታ ይወጡና ላብራቶሪው ለሌላ ይሰጣል። ወይም ኔትወርኩ በሙሉ በአዲስ ይቀየርና አሮጌው ምድር ቤት ይወርዳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለዩልኝ። ጣቢያ የሚባለው ቢያንስ ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ሴንሰሩ ነው፤ መሬቱ ሲነቃነቅ የሚሰማው እሱ ነው። ሌላው ዲጂታይዘሩ ነው፤ ሴንሰሩ የሰማውን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ሰዓቱን አያይዞ ያስቀምጣል። አረጃጀታቸው ይለያያል። እንደ ኤል-4ሲ ወይም ኤስ-13 ያለ ሴንሰር ሆዱ ውስጥ ያለው ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልና ስፕሪንግ ነው። ባትሪ እንኳን አይፈልግም። 40 ዓመት ሠርቶ ዛሬም ጆሮው አልደከመም። ዲጂታይዘሩ ግን ኮምፒውተር ነው፣ ዕድሜውም የኮምፒውተር ነው። ሶፍትዌሩ ዘንድሮ በምንጠቀምበት ላፕቶፕ አይከፈትም፣ ዲስኩ ገበያ ላይ የለም፣ አምራቹም መለዋወጫ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ “አሮጌ ነው” ሲሏችሁ “የቱ?” በሉ።

ለመስጠት የሚያዋጣው የትኛው ዓይነት ነው?

እኔን ከጠየቃችሁ፣ መጀመሪያ አክስሌሮሜትር። ይህ ኃይለኛ ንዝረትን የሚለካው ነው። ሌሎቹ ሴንሰሮች ከሩቅ የመጣን ቀጭን ንዝረት ለመስማት የተሠሩ ናቸው። ትልቁ መንቀጥቀጥ አጠገባቸው ሲመጣ መርፌው ጣሪያ ነክቶ ይቀራል፤ በዋናው ሰዓት ምንም አይነግሯችሁም። አክስሌሮሜትር ግን ያንን ይጽፋል። ፎቅ የሚሠራ መሐንዲስ የሚፈልገውም እሱን ነው። የእኛ የሕንፃ ኮድ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታደስ አዲስ አበባ ከበፊቱ ከፍ ባለ የመንቀጥቀጥ ደረጃ ውስጥ ገብታለች። ነገር ግን በራሳችን አፈር ላይ የተመዘገበ ኃይለኛ ንዝረት እጅግ ጥቂት ነው። እንደ ኤፒሴንሰር ወይም ኤትና ያለ ትርፍ አክስሌሮሜትር ካገኛችሁ አትለፉት። ኤስኤምኤ-1 የሚባለውን ግን እለፉት፤ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ነው የሚጽፈው። ፊልሙን ማን ያጥባል?

ቀጥሎ ሾርት ፔሬድ፣ ማለትም ፈጣን ንዝረትን የሚሰሙት እነ ኤል-4ሲ። ቅርብ ያለን ትንንሽ መንቀጥቀጥ ለመከታተል፣ ለምሳሌ ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች ዙሪያ ያለውን፣ በቂ ናቸው። ቻይ ናቸው። ተማሪ ሊማርባቸው ይችላል።

ብሮድባንድ የሚባሉት፣ ከፈጣኑ እስከ ዝግተኛው ንዝረት የሚሰሙት እነ ኤስቲኤስ-2 እና ጉራልፕ 3ቲ፣ ሰው ሁሉ የሚመኛቸው ናቸው። አዲሱ ከ10,000 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ በነፃ ሲባል ልብ ይሰቀላል። ግን ቅምጥል ናቸው። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ይታመማሉ። ጠንካራ ዓለት ላይ የቆመ ሲሚንቶ ይፈልጋሉ። ውስጣቸው ኤሌክትሮኒክስ ስላለ ሲበላሹ ጠጋኙ ያለው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ዘንድ ነው። የሚያኖራቸው ቦታ ሳይኖር ብሮድባንድ መቀበል ጋጣ ሳይሠሩ የፈረንጅ ላም እንደመግዛት ነው።

ከበሮ ላይ በብዕር የሚጽፈውስ? በፊልም የምናየው?

ለሙዚየም፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጎብኚ ማዕከል ግሩም ነው። ልጆች ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ካለው መስመር ይልቅ ብዕሩ ሲንቀጠቀጥ ማየት ይወዳሉ፤ እኔም እወዳለሁ። ክብደቱን ግን አስቡት። ቤኒዮፍ የሚባለው የድሮ ሲስሞሜትር ውስጥ የተንጠለጠለው ብረት ብቻ 100 ኪሎ ገደማ ነው። ባለበት ከተማ ሙዚየም ፈልጉለት።

ከቤኒዮፍ ጋር ግን የአዲስ አበባ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካኖች በመላው ዓለም 120 ገደማ ተመሳሳይ ጣቢያዎችን ተከሉ። ዋናው ጉዳያቸው ምድር ውስጥ የሚፈነዳ የኒውክሌር ሙከራን መለየት ነበር። አንዱን ጣቢያ የተቀበለው የአዲስ አበባው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ነው። ኦብዘርቫቶሪውን ቀደም ብለው፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። የጣቢያው ምልክት ኤ-ኤ-ኢ ነበር።

ያንን ስጦታ የማነሳው ለናፍቆት አይደለም። የተሰጠው ዕቃ ብቻውን አልመጣም። ሁሉም ጣቢያ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ልኬት ነበረው። መለዋወጫና ሥልጠና አብሮ ነበር። መዝገቡም እየተሰበሰበ ማይክሮፊልም ይነሳ ነበር፤ የፈለገ ተመራማሪ ሁሉ ያገኘዋል። ዛሬ አንድ ሣጥን ብቻ ልከው “ሰጥተናል” ሲሉኝ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።

ነፃ ከሆነ ሌላ ምን ወጪ አለው?

ብዙ። ሴንሰሩ የጣቢያው ርካሽ ክፍል ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ሲሚንቶ ይሞላል፣ አጥር ይታጠራል። ሶላር ፓኔልና ባትሪ ይገዛል። ባትሪው ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ ይሞታል፣ እንደገና ይገዛል። ዳታው በስልክ ኔትወርክ የሚላክ ከሆነ በየወሩ ካርድ ይሞላል። ጥበቃ ይቀጠራል፤ ካልተቀጠረ ሶላሩ አንድ ሌሊት ላይ “ይሰደዳል”። ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪናና አበል አለ። ጣቢያው ዝም ሲል ሄዶ የሚያየው ሰው ነዳጅ ያስፈልገዋል።

ሄይቲን እዩ። በ2010 እ.ኤ.አ. ያንን ሁሉ ሕዝብ ከፈጀው መንቀጥቀጥ በኋላ በእርዳታ ጣቢያዎች ተተከሉ። ጥገናው ግን ከባድ ሆነ። ነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራቡ ሌላ ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ከቦታው አቅራቢያ ሆነው ይመዘግቡ የነበሩት በሰዎች ቤት የተቀመጡ ራስቤሪ ሼክ የሚባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። እነዚያ የሠሩት የቤቱ ባለቤት መብራትና ኢንተርኔቱን ስለሚከታተል ነው። ለውዱ ዕቃ የጎደለው እንደዚያ ያለ ባለቤት ነበር።

ለዚህ ነው ሰጪ ሰው ሲደውልልኝ “ስንት ሴንሰር አለህ?” የማልለው። “ለሁለት ዓመት ባትሪና ነዳጅ የሚሆን ነገር ማከል ትችላለህ?” ነው የምለው። ብዙዎቹ ደንገጥ ይላሉ። የሚችሉም ግን አሉ።

ከሣጥኑ ጋር ምን ምን መኖር አለበት?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ የውጭ ተቋም ሦስት ብሮድባንድ ደረሰን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሣጥኑ ተከፈተ። ሴንሰሮቹ ያምራሉ። ኬብል የለም። የእነዚህ ዕቃዎች ኬብል የትም ሱቅ የሚገኝ አይደለም፤ በወታደራዊ ደረጃ የተሠራ ክብ መሰኪያ ነው ያላቸው፣ ብዙ ቀጫጭን እግር ያለው። አንዱ መሰኪያ ብቻውን የአንድ ቴክኒሻን የወር ደመወዝ ይበላል። ዕቃው ሞዴል 19 ተቆርጦለት ግምጃ ቤት ገባ። ኬብሉን እስክናገኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ስንሰካው ደግሞ አንዱ ሞቶ ነበር።

ስለዚህ፣ ሰጪ ከሆናችሁ፣ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ መሰኪያው ሳይቆረጥ ላኩ። አንዳንዱ ከጉድጓድ ሲያወጣ ስለሚቸኩል በመቁረጫ ነው የሚገላግለው፤ እባካችሁ።

ሁለተኛ፣ የካሊብሬሽን ወረቀቱ። እያንዳንዱ ሴንሰር መለያ ቁጥር አለው፣ የራሱ ልኬትም አለው፦ መሬቱ በዚህ ያህል ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ይህን ያህል ቮልት ይሰጣል የሚል። ያ ወረቀት ከሌለ “ተንቀጠቀጠ” ማለት ይቻላል፣ “ምን ያህል” ማለት ግን አይቻልም። ቁጥር የሌለው ሚዛን በሉት። ወረቀቱ ከጠፋ አምራቹ በመለያ ቁጥሩ መዝገቡን ሊያገኘው ይችላልና ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ መመሪያው፣ ሶፍትዌሩና የይለፍ ቃሉ። አዎ፣ የይለፍ ቃሉ። ዲጂታይዘሩን የቆለፈው ሰው ጡረታ ወጥቶ ስሙን ብቻ የሚያስታውሱበት ጊዜ አለ።

ለጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ውስጡ የተንጠለጠለው ክብደት መቆለፍ አለበት። ይህንን የማያውቅ ሰው ነው አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው። ኤስቲኤስ-2 ብሎን አለው፣ ኤስ-13ም መቆለፊያ አለው፣ ጉራልፕ 3ቲ ደግሞ በትእዛዝ ይቆለፋል። እንደ ትሪሊየም 120 ያሉት መቆለፍ አያስፈልጋቸውም፤ ይህም ቢሆን መመሪያውን ማየት ይቀድማል። ሳይቆለፍ የተጫነ ሴንሰር በአውሮፕላኑና በጭነት መኪናው ሲናጥ ቀጫጭን ስፕሪንጎቹ ይታጠፋሉ። ሣጥኑን ስታነሱ ከውስጥ ካንኳኳ የአምራቹን አድራሻ መፈለግ ጀምሩ።

ባትሪ አትላኩ። ሊትየም ከሆነ አየር መንገዱ እንደ አደገኛ ዕቃ ነው የሚያየው፤ የመኪና ዓይነቱ ከሆነ ደግሞ ካርጎው ከዋጋው ይበልጣል። ባትሪው አገር ቤት ይገዛ።

ሬዲዮና ጂፒኤሱም አብሮ ይምጣ?

ሬዲዮው አይምጣ። በአሜሪካ ብዙ ጣቢያ ዳታውን የሚልከው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው፣ ያለ ፈቃድ በሚሠራበት መስመር ነው። በእኛ አካባቢ ግን ያ መስመር የሞባይል ስልክ መንገድ ነው። ሰክታችሁ ካበራችሁት ከቴሌ ጋር ነው የምትጣሉት። የትኛውም ሬዲዮ ወይም የሳተላይት ሞደም ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል። ሬዲዮው አብሮ ከተጫነ ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ በእሱ ሰበብ ጉምሩክ ሊቀመጥ ይችላል።

ጂፒኤሱ ይምጣ፤ ለዲጂታይዘሩ ሰዓት የሚሰጠው እሱ ነው። ግን ፈትሹት። ጂፒኤስ ሳምንትን የሚቆጥረው እስከ 1024 ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ሲመለስ ብዙ አሮጌ ዲጂታይዘሮች ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወሰዱት። የዛሬ መንቀጥቀጥ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ ጣቢያ ሰዓቱ በአንድ ሰከንድ ከተዛነፈ መንቀጥቀጡ ከመተሐራ የትኛው በኩል እንደሆነ ያምታታችኋል።

ቻርጀሩ 110 ቮልት ብቻ ከሆነ እዚያው ይቅር።

በሻንጣዬ ይዤው መግባት እችላለሁ?

ጂኦፎን የሚባለው ትንሽ የንዝረት ሴንሰር ወይም ራስቤሪ ሼክ ከሆነ የሞከሩ አሉ። ሲሊንደር የሚመስል ከባድ ብረት፣ ሽቦ የወጣለት ከሆነ ግን በኤክስሬይ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። ለፍተሻው ሠራተኛ “መሬት ይሰማል” ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ተቀባዩ ተቋም መሆኑ ነው፣ ግለሰብ አይደለም። ተቋሙ በደብዳቤ “እፈልገዋለሁ፣ ለዚህ ሥራ ነው” ይላል። የቀረጥ ነፃ ፈቃዱን ዕቃው ከመጫኑ በፊት ያስጨርሳል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ገልብጦት ይጎዳል። ዕቃው ቦሌ ካርጎ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ ማዞር ሲጀመር መጋዘኑ በየቀኑ ይቆጥራል። የዕቃ ዝርዝሩ ላይ “የሳይንስ መሣሪያ” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስሙ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ያገለገለ መሆኑና የዛሬ ግምቱ ይጻፍ። አዲስ ሲገዛ የነበረውን ዋጋ አትጻፉ።

ፕሮፌሰሩ “ውሰደው” ብሎኛል። ይበቃል?

አይበቃም። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ አንዳንዴም የመንግሥት። በአሜሪካ በፌዴራል ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ዛሬ የሚያወጣው ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ተቋሙ ራሱ ሊወስንበት ይችላል፤ ከበለጠ ግን ገንዘቡን የሰጠውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለ። የንብረት ክፍሉ በጽሑፍ ይፍቀድ። ከአገር ስለሚወጣም የኤክስፖርት ቁጥጥር ክፍሉ ይየው፤ ሥራቸው ነው፣ በነፃ ያዩላችኋል።

ለጥናት የሚመጡት ተመራማሪዎች መሣሪያቸውን ለምን ነቅለው ይሄዳሉ?

ይህንን ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ አለ፤ ይገባኛል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኢግል በተባለው ጥናት በስምጥ ሸለቆው ላይ እጅግ ብዙ መሣሪያ ተዘርግቶ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሰነጠቀች በኋላም እንዲሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ተነቅሎ ሄደ።

የእነሱ አለመሆኑን ግን እወቁ። በእንግሊዝ ሌስተር፣ በአሜሪካ ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ሶኮሮ ውስጥ የጋራ የመሣሪያ ቤቶች አሉ። ተመራማሪው እንደ ዕድር ድንኳን ተውሶ ነው የሚመጣው፤ ቀጣዩ ተራ ጠባቂ ሌላ አገር ቆሟል። የሚቻለው ነገር ጥናቱ ሲጀመር “የትኛው ይቀራል?” ብሎ ውል ላይ ማስገባት ነው። ሊነቀል ሲል መጠየቅ ግን ለቀብር መድረስ ነው።

ጥሩ ምሳሌም አለ። አሜሪካኖች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምረው 400 ገደማ ተንቀሳቃሽ ጣቢያዎችን በ70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት እየተከሉ፣ በየቦታው ሁለት ዓመት ገደማ እያቆዩ፣ አገራቸውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ። ጣቢያው ከመነቀሉ በፊት የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ከፍሎ ባለበት ሊያስቀረው ይችል ነበር። ጉድጓዱ፣ ኬብሉ፣ ወረቀቱ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከተነቀለ ዕቃ ያልተነቀለ ጣቢያ ይሻላል።

አገር ቤት ለማን ልስጥ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። የዚያ የድሮው ኦብዘርቫቶሪ ወራሽ እሱ ነው። ብሔራዊ ክትትሉም በዋናነት የእነሱ ሥራ ነው። ለክልል ዩኒቨርሲቲ ለመስጠት ካሰባችሁ እንኳን ከእነሱ ጋር መነጋገሩ ይጠቅማል፤ አንድ ጣቢያ ብቻውን መንቀጥቀጡ የት እንደሆነ በቅጡ አያውቅም። ቢያንስ ሦስት አራት ሆነው ነው የሚጠቋቆሙት። ምን እንዳላችሁ በዝርዝር ጽፋችሁ፣ ፎቶ አያይዛችሁ ጠይቁ። “አንፈልገውም” ካሉ አትቀየሙ። ምናልባት ግምጃ ቤታቸው ሞልቶ ይሆናል።

ለትምህርት ቤት ብሰጥስ?

ለትምህርት ቤት የባለሙያ ትርፍ ዕቃ አልመክርም። በጥቂት መቶ ዶላር አዲስ ራስቤሪ ሼክ ግዙላቸው። ኢንተርኔት ላይ ይሰካል፣ ያልቃል። የኔፓል ትምህርት ቤቶች በዚህ መንገድ ነው የሄዱት። ያረጀውን ኤል-4ሲ ደግሞ ከፍቶ ለማሳየት ተጠቀሙበት፤ ማግኔቱንና ጥቅሉን በዓይኑ ያየ ልጅ ፊዚክሱን አይረሳውም።

መሣሪያው ካለን መንቀጥቀጡን ቀድመን እናውቃለን ማለት ነው?

አይደለም። መቼ እንደሚመጣ የሚናገር መሣሪያ የለም፣ ለሽያጭም ለስጦታም። ያለ የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሣጥኑ ደረሰ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሳትከፍቱ ፎቶ አንሱ። ከፍታችሁም አንሱ። መለያ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ሴንሰሩን ባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡ፤ ምንጣፍና ሴራሚክ አይሆንም። ወደ ሰሜን አዙሩት፣ የውኃ ልኩን አስተካክሉ። ቁልፉን ፍቱ። አንድ ቀን ተዉት፣ ይረጋጋ። የሚሠራ ሌላ ሴንሰር ካለ አጠገቡ አስቀምጡና ሁለቱ አንድ ሌሊት አብረው ያድሩ። ጠዋት መስመሮቻቸውን ደርቡ፤ መንታ ከመሰሉ ሰላም ነው። አንዱ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ መሰኪያውን፣ ሴንሰሩን መጨረሻ ላይ። ሌላ ሴንሰር ከሌለም ችግር የለም። ሦስት ሜትር ራቅ በሉና እግራችሁን አንዴ መሬት ላይ ምቱ። ስክሪኑ ላይ ካያችሁት፣ ሰምቷል።